መኪናዋ አልነሳ ስትል፦ ሞተሪኖው ከመፈታቱ በፊት

ከዓመታት በፊት አንድ ጠዋት አሮጌዋ ቶዮታ ዲኤክሴ አልነሳ አለች። የመጣው መካኒክ ቁልፉን አንዴ አዞረና «ሞተሪኖው ሞቷል» ብሎ ደመደመ፤ ሞተሪኖ ማለት ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ሞተሪኖ ገዛሁ፣ ተገጠመ፣ ያው ናት። ለካ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲው የሚሄደው ገመድ ላልቶ ኖሯል። በመፍቻ ጠበቅ ሲደረግ ወዲያው ተነሳች። ስለዚህ ምንም ከማስፈታትዎ በፊት ያዳምጡ።

የእጅ ፍሬን ይሳቡና ማርሹን ነፃ ያድርጉ፤ ኦቶማቲክ ከሆነች ፒ ላይ ትሁን። የፊት መብራት አብርተው ቁልፉን ያዙሩ። አንድ ሰው ከፊት ቆሞ መብራቱን ቢያይልዎ ጥሩ ነው።

«ጠጠጠጠ» እያለች መብራቱ ከደከመ ጣጣው የባትሪው ወይም የገመዶቹ ነው። መብራቱ ሳይደበዝዝ አንዴ ብቻ «ቀጭ» ካለች ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ይዞራል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ፊውዝ፣ ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው ማብሪያ) ወይም የቁልፉ ማዞሪያ ይታይ፤ ኦቶማቲክ ላይ ግን አስቀድመው ማርሹን ኤን (ነፃ) ላይ አድርገው ይሞክሩ፣ አንዳንዴ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሞተሪኖው ብቻውን «ዥው» ብሎ ከዞረ ጥርሱ ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ባለጥርስ ጎማ መሰል ብረት) አልያዘም። የብረት መፋጨት ከሰሙ ደጋግመው አይሞክሩ፣ ቮላኖውንም ይበላዋል። ሞተሩ እንደ ወትሮው እየዞረ ካልተነሳ ሞተሪኖውን ይተዉት፤ ነዳጅ ወይም ካንዴላ (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ይታይ።

አብዛኛው ጊዜ ጥፋቱ ባትሪው ጋ ይገኛል። ኮፈኑን ከፍተው የገመዶቹን ማሰሪያ በእጅዎ ወዝወዝ ያድርጉ፤ ከተንቀሳቀሰ ያጥብቁት። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ከያዘ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ይፍቱ። ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውሃ በጥብጠው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉ፣ ያድርቁ። ሲመልሱ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን፤ አለበለዚያ መፍቻው ቦዲውን ሲነካ ብልጭታ ይፈጥራል። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለዎት፣ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። 12 ከሆነ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል።

ባትሪውም ገመዱም ደህና ሆኖ «ቀጭ» ብቻ ካለ፣ ሌላ ሰው ቁልፉን እያዞረ የሞተሪኖውን አካል በመፍቻ እጀታ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉት። ከተነሳች ካርቦኑ (ውስጡ ላለው ዘዋሪ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው) ሳያልቅ አይቀርም፤ ሳያጠፏት በቀጥታ ወደ ጋራዥ። በኃይል አይምቱት፣ አንዳንዱ ውስጡ ማግኔት አለው፣ ይሰበራል።

ማንዋል መኪና በግፊም ትነሳለች፦ ቁልፉን ይክፈቱ፣ ፍሪሲዮን ረግጠው ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ፍጥነት ስትይዝ ፍሪሲዮኑን ድንገት ይልቀቁ። ሞተሩ እስኪነሳ ፍሬኑም መሪውም ይከብዳል፤ ቁልቁለት ላይ ይጠንቀቁ። ኦቶማቲክ ቪትዝ ያለዎት ሰፈሩን በከንቱ አያድክሙ፣ ኦቶማቲክ በግፊ አይነሳም።

በማናቸውም ሁኔታ ቁልፉን ከ10 ሴኮንድ በላይ አዙረው አይያዙ፤ አንድ ደቂቃ ያሳርፉት፣ ሞተሪኖ ቶሎ ይግላል።

ጋራዥ ሲገቡ ካርቦኑ ብቻ ይቀየር እንደሆነ ይጠይቁ። የግድ ያገለገለ ሞተሪኖ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ብር ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ ያዙርልዎ፤ ጥርሱ ወጥቶ ሲመለስ በዓይንዎ ይዩ።