የሚጠቁር ሁሉ ኦክሲዴሽን አይደለም፦ የማያርን አጸግብሮት ስንተነትን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ገብስ ለአሻሮ ሲታመስ፣ ቡና ሲቆላ ወይም የወጥ ሽንኩርት ሲቁላላ የሚታየውን መጥቆር ብዙዎች «ኦክሲዴሽን (ከኦክስጅን ጋር የሚደረግ ውህደት) ነው» ብለው ያልፉታል፤ ኬሚስትሪ ሳስተምር በተማሪዎች የቤተ ሙከራ ዘገባ ላይ ከሁሉ በላይ ያረምኩት ስህተትም ይኸው ነው። ተልጦ የቆየ ድንች የሚጠቁረው ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም በአየር ኦክስጅን አማካይነት ፌኖሎችን ወደ ኩዊኖን ስለሚለውጥና ኩዊኖኖቹም ተያይዘው ጥቁር ቀለም ስለሚሠሩ ነው፤ ድንቹን ውኃ ውስጥ መንከር የሚጠቅመውም አየሩን ስለሚያርቅለት ነው። የሚታመሰው ገብስ ለመጥቆር ኢንዛይም አያሻውም። በእሱ ላይ የሚካሄደው ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው አጸግብሮት (ሪአክሽን) ሲሆን፣ በዚህ ሂደት የስኳር ካርቦኒል (ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ ትስስር የተያያዙበት ክፍል) ከአሚኖ አሲድ ወይም ከፕሮቲን አሚን (ናይትሮጅን ካለበት ክፍል) ጋር ተጣምሮ ውኃ ይለቅቃል፤ ውሑዱ የአማዶሪ ሽግሽግ በሚባል የአተሞች ቦታ መለዋወጥ ቅርጹን ይለውጣል፤ ከብዙ መሰባበርና መያያዝ በኋላም ሜላኖይዲን የተባሉት ግዙፍ ቡናማ ሞለኪውሎች ይገኛሉ። ግሉኮስና ግላይሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ የያዙ ሁለት የሙከራ ቱቦዎች ወስደን፣ ኦክስጅኑን ለማስወጣት በአንደኛው ናይትሮጅን ነፍተን ስናሞቃቸው ሁለቱም መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎም ቡናማ ሆነዋል።

ይህን የተረዳ ተማሪ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ስህተት ያዘነብላል፤ ኦክስጅን ምንም ድርሻ የለውም ይላል። ድርሻ አለው፤ የአጸግብሮቱ መነሻ ባይሆንም መንገዱን ይለውጣል። የአማዶሪ ውሑድ ኦክስጅን ሲያገኝ፣ በተለይም የብረት ወይም የመዳብ አየኖች ካሉ፣ ተሰንጥቆ ካርቦክሲሜቲል ላይሲንን የመሰሉ ውጤቶችን ይሰጣል። የቅባት ኦክሲዴሽንም በጎን ይገባል፤ ሊኖሌይክ አሲድ የበዛበት የኑግ ዘይት ሲሞቅ አልዲሃይዶች ይወጡታል፣ እነዚህም እንደ ስኳሩ ሁሉ ከአሚን ጋር ይጣመራሉ። ስለዚህ በዘይት የተጠበሰን ሥጋ ቀለምና መዓዛ በስኳርና በአሚኖ አሲድ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

ከስኳር ጋር የተያያዘው ስህተት አጭር ነው፦ ማንኛውም ስኳር በቀጥታ ከአሚን ጋር ይጣመራል ብሎ ማሰብ። የሻይ ስኳር፣ ማለትም ሱክሮስ፣ ነጻ ካርቦኒል ስለሌለው መጀመሪያ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ መከፈል አለበት። ስኳር ብቻውን ሲቃጠል የሚጠቁረውም ካራሜል መሆን እንጂ የማያር አጸግብሮት አይደለም።

ውኃንና ሙቀትን መዘንጋት ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ሆኖም በዘገባዎች ላይ «በፈላ ውኃ፣ በ100 ዲግሪ» የሚለው ከመጽሐፍ ተቀድቶ ይጻፋል። ቴርሞሜትር ነክሮ ማንበብ ይገባል። ቁሌትን ልብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፦ ሽንኩርቱ ውኃውን እስኪጨርስ ድረስ ሙቀቱ ከመፍያው ነጥብ ብዙም አያልፍም፣ ቀለሙም እምብዛም አይለወጥም፤ ውኃው አልቆ የድስቱን ቂጥ መያዝ ሲጀምር በደቂቃዎች ውስጥ ይቀላል፣ ያን ጊዜ ውኃ ጠብ ማድረግ ሙቀቱን መልሶ ያወርደዋል። ይህ ማለት ግን፣ አንዳንዶች እንደሚሉት፣ ከ140 ዲግሪ በታች አጸግብሮቱ የለም ማለት አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ የዱቄት ወተት በክፍል ሙቀትም ቀስ በቀስ ቡናማ ይሆናል።

የአሲድነት መጠንን አለመቆጣጠርም ውጤትን ያበላሻል። በአሲድ ውስጥ አሚኑ ፕሮቶን ይይዝና ካርቦኒሉን ማጥቃት ያቅተዋል፤ በቤዝ ውስጥ ነጻ ስለሚሆን ሂደቱ ይፈጥናል። አጸግብሮቱ ራሱ ፎርሚክና አሴቲክ አሲድ ስለሚያመነጭ፣ ባፈር (የአሲድነት መጠንን የሚያረጋጋ ድብልቅ) ያልተጨመረበት ቱቦ እየቆየ አሲድ ይሆናል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል።

በመጨረሻም ልኬቱ አለ። በስፔክትሮፎቶሜትር (ናሙና የሚውጠውን ብርሃን በሚለካ መሣሪያ) በ420 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ የሚነበበው የቡናማው ቀለም መጠን ብቻ ነው፤ የጠቆረው ድንች ጭማቂም በዚያው ሞገድ ይነበባል፣ ስለዚህ ቁጥሩ መንስኤውን አይናገርም። ገና ቀለም ያላወጡትን መካከለኛ ውሑዶች ለማየት በ294 ናኖሜትር መለካት፣ የደፈረሰውን ናሙና ማጣራት፣ ንባቡ ሲበዛም ናሙናውን ማቅጠን ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ ጎን ስኳር ብቻ፣ አሚኖ አሲድ ብቻ እና ናይትሮጅን የተነፋበት ድብልቅ የያዙ ሦስት ማነጻጸሪያ ቱቦዎች አብረው መሞቅ አለባቸው።