የአሜሪካ ኮሌጅ መልስ እየጠበቃችሁ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ማመልከቻው ተልኳል። ድርሰቱም፣ የመምህራኑ ደብዳቤም፣ ትራንስክሪፕቱም ሄዷል። የቀረው ስልክ ላይ አፍጥጦ መጠበቅ ነው። ብዙ ልጅ እነዚህን ወራት «ከእንግዲህ በእጄ ምንም የለም» እያለ ያሳልፋቸዋል። አለ እንጂ! በተለይ ገንዘቡን በተመለከተ። ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት ተማሪ «ተቀብለንሃል» የሚለው ደብዳቤ ግማሽ መልስ ነው፤ ሌላው ግማሽ ማን ይከፍላል የሚለው ነው፣ ትልልቆቹ ስህተቶችም እዚያው ላይ ናቸው።

ፖርታሉን ረስቶ ኢሜይል ብቻ መጠበቅ

ኮሌጁ ማመልከቻችሁ ሲደርሰው የራሳችሁ ፖርታል፣ ማለትም በድረ ገጹ ላይ የግል ገጽ፣ ይከፍትላችኋል። እዚያ ውስጥ የሚፈለጉ ሰነዶች ዝርዝር አለ። ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይሉን (ኮሌጆች እርዳታ ለመወሰን የቤተሰብን ገቢ የሚጠይቁበትን ቅጽ) ሞልታችሁ ጨርሳችሁም «የወላጅ ገቢ ማስረጃ አልደረሰም» የሚል ምልክት ለሳምንታት ቁጭ ሊል ይችላል፤ አስታዋሹ ኢሜይል ደግሞ ስፓም ውስጥ ተኝቷል። ፋይሉ ካልተሟላ የእርዳታ ውሳኔው እዚያው ይንጠለጠላል። በሳምንት ሁለቴ ግቡና እዩ። በቀን ሃያ ጊዜ አላልኩም።

የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ እንዳለ ስካን አድርጎ መላክ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አባታችሁ የደመወዝ ማረጋገጫ አጽፈው አመጡ እንበል። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቀኑ 12/05/2018 ይላል። እኛ ጥር 12 ብለን እናነበዋለን። አሜሪካ ያለችው የፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) ቢሮ ሠራተኛ ግን ዲሴምበር 5፣ 2018 ብላ ታነበውና «ይሄ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ አዲስ ላኩ» ትላለች፣ እናንተ ደግሞ ባለፈው ሳምንት የወጣ ወረቀት ነው ብላችሁ ትበሳጫላችሁ። ሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ይጻፍበት። ደመወዙ የወር ይሁን የዓመት በግልጽ ይቀመጥ፤ የወሩ በሚጠየቅበት ቦታ የዓመቱን መሙላት ቤተሰቡን አሥራ ሁለት እጥፍ ሀብታም ያደርገዋል።

ምንዛሬውም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ስለዚህ በድሮው ተመን የተሰላ ገቢ ወላጆቻችሁን ካሉበት በላይ ባለገንዘብ ያስመስላቸዋል። እናታችሁ ጉሊት የሚቸረችሩ ከሆነ፣ ወይም አባታችሁ የሰው ታክሲ የሚያሽከረክሩ ከሆነ፣ የደመወዝ ደብዳቤ ከየት ይመጣል? ዝም አትበሉ፣ በምትኩ ምን እንደሚቀበሉ ቢሮውን ጠይቁ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ለእነሱ አዲስ አይደለም።

ዘመድ እንዲደውል ማድረግ

ቨርጂኒያ ያለው አጎት ቅን ሰው ነው። ኮሌጁ ጋ ደውሎ «የወንድሜ ልጅ ጉዳይ የት ደረሰ?» ሲል ግን አይጠቅማችሁም፤ ስለ አመልካች ፋይል ለሌላ ሰው አያወሩም፣ መስማት የሚፈልጉትም ከተማሪው ከራሱ ነው። በራሳችሁ ኢሜይል፣ በአጭሩ፣ የምትጠይቁት ነገር ካለ ብቻ ጻፉ። «መቼ ነው መልሱ?» ጥያቄ አይደለም፤ ቀኑ ድረ ገጻቸው ላይ አለ። አክስትም «ፋፍሳ ሙላ፣ ልጄ በእሱ ነው የተማረው» ልትላችሁ ትችላለች። ፋፍሳ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ነው፤ ለአሜሪካ ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ላላቸው፣ ጥገኝነት ላገኙና ለመሳሰሉት ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ በተማሪ ቪዛ ሊሄድ ላሰበ ልጅ የፌዴራሉ ብርም ብድርም አይመለከተውም።

ሰዓቱን አሳስቶ ማበድ ሌላው ነው። እነ ሃርቫርድና የል ያሉበት የአይቪ ሊግ ኮሌጆች መልሳቸውን አብዛኛውን ጊዜ በማርች መጨረሻ ይለቃሉ፣ በእኛ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ መሆኑ ነው። በምሥራቅ አሜሪካ ከምሽቱ 7 ሰዓት ሲባል አዲስ አበባ ላይ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ኤም አይ ቲማ ሂሳበኛ ስለሆነ መልሱን ብዙ ጊዜ ማርች 14 የፓይ (3.14) ቀን ላይ፣ በእነሱ ከምሽቱ 6:28 ሲል ይለቀዋል፤ እኛ ጋ ሌሊት 7:28። ባትተኙም ባትበሉም መልሱ ያው ነው። ተኙ።

የቴሌግራም ግሩፑንም ቀነስ አድርጉት። የአንዱ ልጅ ውጤት ስክሪንሹት ስለ እናንተ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ሃርቫርድ፣ የል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲ፣ አምኸርስት የመሳሰሉት ጥቂቶቹ የውጭ ተማሪ ሲቀበሉ ኪሱን አያዩም። አብዛኞቹ ግን ያያሉ። እነሱ ጋ ሪጀክት መደረግ የበጀት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ የጉብዝናችሁ ሚዛን አድርጋችሁ አትውሰዱት።

«አሜሪካ ልሄድ ነው» ብሎ 12ኛ ክፍልን መተው

ይሄ ያናድደኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ፈተና እየመጣ ደብተር መክደን ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ኮሌጁም የመጨረሻ ትራንስክሪፕት ይጠይቃል፣ ውጤቱ ከወረደ የሰጠውን ቦታ መሰረዝ ይችላል።

የእርዳታ ደብዳቤውን በስሜት ማንበብ

«እንኳን ደስ አለህ፣ በዓመት የ40 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ አግኝተሃል።» ቤቱ በእልልታ ይናጋል፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል። ቆይ። ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? ብዙ የግል ኮሌጆች በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍላሉ። 85 ሺህ ቢሆን 45 ሺህ ይቀራል። በ100 ብር እንኳ ብትመቱት በዓመት 4.5 ሚሊዮን ብር ነው፣ ያውም ለአራት ዓመት። ደብዳቤው ላይ የካምፓስ ሥራ ተብሎ 3 ሺህ ዶላር ተጽፎ ከሆነ እሱ ስጦታ አይደለም፣ እየሠራችሁ የምታገኙት ደመወዝ ነው፤ ትምህርቱ ሊጀመር ሲል ክፍያ ሲጠየቅ ገና በእጃችሁ የለም። የጤና ኢንሹራንስና የአውሮፕላን ትኬት ከሂሳቡ ውስጥ መኖራቸውን እዩ። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑን፣ የሚጠይቀው ውጤት ካለም ስንት እንደሆነ አጣሩ።

«ከሄድኩ በኋላ ይሞላል» አይሠራም። ኮሌጁ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ቅጽ ከመስጠቱ በፊት የቀረውን ማን እንደሚከፍል ማስረጃ ይጠይቃል፣ ኤምባሲም መስኮቱ ላይ ያንኑ ይጠይቃችኋል።

ገንዘቡ ካልበቃ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ግን የመርካቶ ክርክር አይደለም። የተቀየረ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ አባት ከሥራ ከወጡ፣ ማስረጃ አያይዛችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። ተመሳሳይ ኮሌጅ የተሻለ ሰጥቶ ከሆነም ደብዳቤውን አያይዙት።

ይግባኙ ሳይመለስ ዲፖዚት (የቦታ ማስያዣ ክፍያ) አትክፈሉ፣ ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ቀነ ገደቡ ከደረሰባችሁ ማራዘሚያ ጠይቁ። ሁለት ኮሌጅ ጋ መክፈል ደግሞ ሁለቱንም ሊያሳጣ ይችላል። ዲፖዚቱን መክፈል ካቃታችሁ እንዲተውላችሁ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ይተዋሉ። «በ50 ሺህ ብር አይ-20 አወጣለሁ» የሚል የቴሌግራም ደላላ ከመጣ ብሎክ።

ዌይትሊስት (የተጠባባቂዎች ዝርዝር) ላይ የገባችሁ ልጆች ኮሌጁን አሁንም እንደምትፈልጉት የሚገልጽ አንድ ደብዳቤ ላኩና ተዉት። የብዙ ኮሌጆች የመወሰኛ ቀን የሆነው ሜይ 1፣ ማለትም ሚያዝያ 23፣ ከማለፉ በፊት ገንዘቡ የሚበቃ ሌላ ቦታ በእጃችሁ ካለ እሱን ያዙ። ከዌይትሊስቱ ቢጠሯችሁ እንኳ «አዎ» ከማለታችሁ በፊት የእርዳታውን ደብዳቤ በጽሑፍ ጠይቁ።