ዲንሾ ላይ ጉጉት ፎቶ ስናነሳ፦ ችግርና መፍትሄ

ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ዲንሾ ዋናው ጽሕፈት ቤት አካባቢ፣ የጥድና የኮሶ ደን አለ። ከፍታው 3,100 ሜትር ገደማ ነው። ባለረጅም ጆሮዋ የሐበሻ ጉጉት ቀኑን እዚያ አርፋ ትውላለች። ፎቶዋ ግን በቀላሉ አይገኝም።

ጉጉቷ አልታይ አለች

ቀን ላይ ግንድ ተጠግታ ስለምትቀመጥ ላባዋ ከጥዱ ቅርፊት አይለይም። መጀመሪያ መሬቱን እዩ። ከዛፍ ሥር ነጭ ኩስና አውራ ጣት የሚያክል ግራጫ ጥቅልል ካገኛችሁ ማረፊያዋ እዚያው ነው። ጥቅልሉን በእንጨት ፈልቀቅ ብታደርጉት የአይጥ ፀጉርና እንደ መርፌ የቀጠኑ አጥንቶች ይወጣሉ። ሆዷ መፍጨት ያቃተውን ነው የተፋችው። ትናንሽ ወፎች አንድ ዛፍ ከበው ሲንጫጩም ጠጋ ብላችሁ እዩ። ከሁሉም የሚሻለው ግን የፓርኩን አስጎብኚ መያዝ ነው፤ ዛፎቿን ያውቋቸዋል።

ቅርንጫፉ ጠርቶ እሷ ደበዘዘች

ካሜራው ፎከስ ያደረገው ፊት ለፊት ያገኘው ቅጠል ላይ ነው። ፎከሱን ወደ አንድ ነጥብ ቀይሩና ዓይኗ ላይ አሳርፉት። አሁንም ቅጠሉ ካስቸገረ ፎከሱን በእጅ አስተካክሉ።

ሁሉም ነገር ደበዘዘ

ደኑ ጨለም ስለሚል ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) ይዘገያል፣ እጅም ይንቀጠቀጣል። የሹተሩን ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ አታውርዱ፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) እስከ 3200 ከፍ አድርጉ። ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ከደበዘዘው ይሻላል።

ጥቁር ጥላ ሆና ወጣች

ከጀርባዋ ያለው ሰማይ ካሜራውን አሳስቶታል። የብርሃን ማስተካከያውን ወደ +1 ወይም +1.5 ውሰዱት።

ባትሪው ቶሎ አለቀ

ብርዱ ነው። ትርፍ ባትሪ ከጃኬታችሁ ውስጠኛ ኪስ ያዙ።

ቀጥ ብላ፣ ቀጥና፣ ዓይኗን አጥብባ ወጣች

ይህ የካሜራ ችግር አይደለም። ፈርታለች። ላባዋን ከሰውነቷ አጣብቃ፣ ጆሮ የሚመስሉትን ላባዎች አቁማ፣ የደረቀ እንጨት ለመምሰል እየሞከረች ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁመና አሪፍ ፎቶ ነው ብሎ ይበልጥ ይጠጋል። እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉ። ቀን በብርሃን ከተነሳች ቁራ ያሳድዳታል፣ ሌሊት ለአደን የሚያስፈልጋትን ጉልበትም ታባክናለች።

መፍትሄው ወደኋላ መመለስ ነው። በቀስታ፣ ዓይን ዓይኗን ሳታዩ፣ እስክትረጋጋ ድረስ ራቁ። ከዚያ ቁጭ በሉ። እኔ አንድ ጠዋት ሰዓት ያህል ጠብቄያለሁ። መጀመሪያ ጆሮዎቿ ወረዱ። ቀጥሎ የደረቷ ላባ ተነፋ። በመጨረሻ አንድ እግሯን ሆዷ ላባ ውስጥ ከትታ ብርቱካናማ ዓይኗን በግማሽ ከፈተች። ያነሳሁት ያኔ ነው፤ ከሩቅ ቢሆንም ከሁሉም ፎቶዎቼ የምወደው እሱን ነው።

ፍላሽም፣ በስልክ የጉጉት ድምፅ ማጫወትም ይቅር። ጫጩት ካያችሁ ወዲያውኑ ዞር በሉ።

ፎቶውን ስለጥፍ ሰው "የት ነው?" አለኝ

"ባሌ" በቂ መልስ ነው። ጉጉትን ክፉ ምልክት ነች ብሎ በድንጋይ የሚያባርር ሰው ዛሬም አለ። ስልካችሁም ካሜራችሁም ፎቶው ላይ ቦታውን ሊመዘግብ ስለሚችል፣ ወደ ደኑ ከመግባታችሁ በፊት የቦታ መመዝገቢያውን አጥፉት።