ያጠመዱትን ዓሣ መልቀቅ ወይስ ይዞ መሄድ? ሁለቱንም በአግባቡ ለማድረግ

ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ዳር ለመዝናናት መንጠቆ የምትጥሉ ከሆነ ዓሣ ከመያዛችሁ በፊት ወስኑ። የትኛውን ትበላላችሁ? የትኛውን ትለቃላችሁ? ዓሣው ከወጣ በኋላ «ትንሽ ናት መሰለኝ፣ እንልቀቃት ይሆን?» ሲባባሉ የሚያልፈው ጊዜ ነው የሚገድለው። ባልዲ ውስጥ አቆይቶ ማታ መልቀቅም ያው ነው። የባልዲ ውኃ በፀሐይ ቶሎ ይሞቃል፣ ዓሣው የሚተነፍሰው አየርም ያልቅበታል።

ትንንሾቹ ይለቀቃሉ፤ ይሄ ግልጽ ነው። ቆሮሶ ስትይዙ ግን አፏንም እዩ። እናቲቱ እንቁላሎቿን የምትፈለፍለው፣ ጫጩቶቿንም የምትጠብቀው አፏ ውስጥ ነው። በዚያ ሰሞን ምግብ ስለማታዘወትር መንጠቆ ላይ የምትገኘው አልፎ አልፎ ነው። ከተያዘች ግን ቢጫማ እንቁላሎች ስትተፋ ታያላችሁ። እንዲህ ያለችውን ከውኃ ሳታወጡ ልቀቋት።

ጣና ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በክረምት ነጭ ዓሣ ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ስለሚወጣ ወንዞቹ አፍ ላይ ይከማቻል። ያን ጊዜ ማጥመድ እጅግ ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው እዚያ መንጠቆ መጣልን የምቃወመው። ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣና ውጪ በዓለም ላይ የትም አይገኙም።

ከቤት ስትወጡ ፒንሳ ያዙ። መንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ ጥርስ አለች። እሷን በፒንሳ ጨፍልቋት። ክሩን ካላላላችሁት ዓሣው አያመልጥም፣ መንጠቆውም ያለ ትግል ይወጣል። ውድ ዘንግ ከመግዛት ይልቅ ይህችን ማድረግ ይሻላል።

አሁን ወደ መልቀቁ። ዓሣውን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን ውኃ ውስጥ ንከሩ። ቅርፊቱን የሸፈነው የሚያሙለጨልጭ ነገር ከበሽታ የሚከላከለው ነው፤ ደረቅ እጅ፣ ፎጣና የጋለ አሸዋ ይገፍፉበታል። ቆሮሶ ጀርባዋ ላይ እሾህ አላት። መዳፋችሁን ከጭንቅላቷ ወደ ጅራቷ ስታንሸራትቱ እሾኹ ይተኛል፣ አይወጋችሁም። አምባዛ ደግሞ ከጭንቅላቱ ጎንና ጎን የሚወጋ እሾህ አለው። ጣታችሁን ስንጥቡ ውስጥ አትክተቱ። ዓሣው የሚተነፍሰው በእሱ ነው፣ በቀላሉም ይደማል።

መንጠቆው ከንፈሩ ላይ ከሆነ በገባበት አቅጣጫ መልሳችሁ አውጡት። ከዋጠው ግን አትጎርጉሩ። ክሩን አፉ አጠገብ ቁረጡና መንጠቆውን ይዞ ይሂድ። ጨካኝነት ይመስላል፤ ጉሮሮውንና አንጀቱን ከመበጣጠስ ግን በብዙ ይሻላል።

ፎቶ ካስፈለገ ስልኩ አስቀድሞ ይዘጋጅ። ዓሣው ሲወጣ እናንተም ትንፋሻችሁን ያዙ፤ እናንተ ሲጨንቃችሁ እሱም ጨንቆታል። አምባዛ ከአየር ላይም መተንፈስ ስለሚችል ይታገሣል፣ ቆሮሶ ግን አትችልም። ስትለቁት ወደ ውኃው አትወርውሩት። ሆዱን ደግፋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ ራሱ ጅራቱን መትቶ ይሂድ። በጎኑ ከተንሳፈፈ እንደገና ደግፉት። ስንጥቡ ከደማ ግን የመትረፍ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ እሱን ለምግብ ያዙት።

ለምግብ የያዛችሁትን በሕይወት እያለ ክር ላይ ሰክታችሁ አታንጠልጥሉት። ወዲያው ጭንቅላቱን ከዓይኑ በላይ በዱላ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት፣ ስንጥቡን ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱ። ሆድ ዕቃውን አውጥታችሁ በረዶ ውስጥ ክተቱት። በላስቲክ ጠቅልሎ መኪና ውስጥ መተው ግን በስምጥ ሸለቆ ሙቀት አያዋጣም፤ አዲስ አበባ ሳይደርስ ይሸታል። በጾም ሰሞን ጎረቤት ሁሉ «አምጡልን» ይላችኋል፤ እናንተ ግን ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ያዙ።

የዓሣ ሀብትን የሚመለከት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 315/1995። ክልሎችም የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።