የግቢ ውሻ ሥልጠና፦ በጉልበት ወይስ በጉርሻ?

ሐዋሳ ውስጥ የግቢ ውሻ ለማሠልጠን የተነሳ ሰው ሁለት የሚጣሉ ምክሮች ይሰማል። አንዱ «አለቃው አንተ መሆንህን አሳየው» ይላል፤ ከውሻው ቀድመህ ብላ፣ በበር ቀድመህ ውጣ፣ ካጉረመረመ በጀርባው ገልብጠህ እስኪረጋጋ ተጫነው። ሌላው ደግ ሲሠራ ጉርሻ ስጠው፣ ሲያስቸግር የፈለገውን ንፈገው ይላል። የምንመክረው ሁለተኛውን ነው። ከመጀመሪያው ወገን ግን መወሰድ ያለበት ቁም ነገር አለ፦ ለቤቱ ደንብ ማውጣትና ደንቡን አለመለዋወጥ።

የ«አለቃ ውሻ» ሐሳብ ከተኩላ የመጣ ነው። ሩዶልፍ ሼንክል በ1947 ያሳተመው ጥናት አጥር ውስጥ አብረው የታጎሩ ተኩላዎች ለበላይነት ሲፋለሙ የሚያሳይ ነበር። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ሜክ ግን በ1999 የዱር ተኩላ መንጋ በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው መሆኑን አስረዳ፤ መሪዎቹ ወላጆች ናቸው እንጂ በጠብ ያሸነፉ አይደሉም። በቅርባችን ባሌ ተራሮች ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም በቤተሰብ ነው የሚኖረው።

በጀርባው የተገለበጠ ውሻ የሚማረው ማዕረግን ሳይሆን የሰው እጅ እንደሚያስፈራ ነው። በ2009 በአሜሪካ የወጣ ጥናት አስቸጋሪ ውሻ ይዘው ወደ ሐኪም የመጡ ባለቤቶችን ጠይቆ ነበር። ውሻቸውን ከመቱት ወይም ከረገጡት 43 ከመቶው፣ በጀርባው ከገለበጡት ደግሞ 31 ከመቶው ውሻው እንደተቆጣባቸው ተናግረዋል። በማጉረምረሙ የሚቀጣ ውሻ ደግሞ ይበልጥ ያሰጋል፤ ማስጠንቀቂያውን ይተውና በቀጥታ ይነክሳል።

ሥልጠናውን ከግቢው በር መጀመር ጥሩ ነው፤ ውሻ ፈትለክ ብሎ ወጥቶ ባጃጅ ሥር የሚገባው እዚያ ነውና። ለጉርሻ የሚሆን ጉበት ወይም ሳንባ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀቅለው በሽምብራ መጠን ይክተፉ። ጥሬውን አይስጡ፤ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ውሻውን የጥገኛ ትል በሽታ ያስይዘዋል፣ በሽታው ከውሻው ደግሞ ወደ ሰው ይተላለፋል። ከሐዋሳው የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል የመጣ የዓሣ አጥንትም ጉሮሮ ስለሚወጋ ለዚህ አይሆንም።

ውሻውን 2 ሜትር ገደማ በሆነ ገመድ ይያዙና በሩን አንድ ስንዝር ይክፈቱ። ከተንደረደረ ሳይናገሩ ይዝጉት። ወደኋላ ሲል ወይም ቁጭ ሲል «ጎሽ» ይበሉና በቅጽበት ጉርሻውን ይስጡ። ስንዝሩ ላይ በተከታታይ 5 ጊዜ ከታገሠ እስከ ግማሽ፣ ቀጥሎ ወለል አድርገው ይክፈቱ። መውጣት ያለበት «ውጣ» ሲሉት ብቻ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታና አመሻሽ ላይ 5 ደቂቃ ይበቃል። እዚህ ላይ ማን ቀድሞ ወጣ የሚለው ምንም አይለውጥም፤ ጥቅሙ መጠበቁ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በውሻው ጥፋት አይደለም። ጉርሻው ዘግይቶ ሲሰጥ ውሻው ቁጭ ብሎ ሳይሆን ተነስቶ በመዝለሉ የተሸለመ ይመስለዋል። «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» እያሉ መደጋገምም ቃሉን ባዶ ያደርገዋል፤ አንዴ ይበሉና ይጠብቁ። ከሁሉ የከፋው እርስዎ ጠዋት ያስተማሩትን ዘበኛው ማታ በሩን በርግዶ ሲያፈርሰው ነው። ዘበኛው፣ የቤት ሠራተኛዋና ልጆቹ ያንኑ ቃል በዚያው መንገድ ካልተጠቀሙ ሥልጠናው አይጸናም።

ምግቡን የሚከላከል ውሻ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሳህኑን ቀምተህ አለቅነትህን አሳይ» የሚለው ምክር የውሻውን ፍርሃት እውነት ያደርገዋል፤ እጅ ሲመጣ ምግብ ይሄዳል ማለት ነው። ይልቅ ሲበላ ሰውነቱ ከማይደርቅበት ርቀት፣ ለምሳሌ 3 ሜትር ላይ ይቁሙ፤ ከሚበላው የሚጥም የጉበት ቁራጭ ወደ ሳህኑ ይወርውሩና ይሂዱ። በአንድ ምግብ 4 ወይም 5 ጊዜ ይደግሙት። እርስዎን ሲያይ ቀና ብሎ ጭራውን ዘና አድርጎ መጠበቅ ከጀመረ በማግስቱ ግማሽ ሜትር ይቅረቡ። መብላቱን አቁሞ ከደረቀ፣ በዓይኑ ጥግ ካየ ወይም እየተስገበገበ ከዋጠ ቸኩለዋል፤ ወደ ቀድሞው ርቀት ይመለሱ። ይህን ልጆች አይሥሩት።

«በጉርሻ የሠለጠነ ውሻ ለሌባ ሥጋ ይሸነፋል» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ የተደበደበ ውሻም ግን የተመረዘ ሥጋ ይበላል። ከማያውቁት ሰው አለመብላት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ውሻውን ገመድ ላይ አድርገው፣ የማያውቀው ሰው ቁራጭ ሲዘረጋለት ሰውዬው እጁን ይጨብጥ፤ ውሻው ፊቱን ወደ እርስዎ ሲመልስ ከዚያ የሚሻል ጉርሻ ከእርስዎ እጅ ያግኝ። ቀን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት አስሮ ማዋልም ጠባቂ አያደርገውም፤ እንግዳውንም ቤተኛውንም የማይለይ ቁጡ ያደርገዋል።

ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ ለሐጩ ከተዝረበረበ ወይም መዋጥ ካቃተው የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሥልጠናውን ያቁሙ፤ ሰው ሳይነካው ለብቻው ይዘጋና የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።