በቱቦ እየተመገበ የሚከሳ ታማሚ፦ ችግርና መፍትሄ

«በየሦስት ሰዓቱ በቱቦ እንሰጠዋለን፤ ጭኑ ግን አለቀ።» ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለ አስታማሚ እንዲህ ሲለኝ መጀመሪያ የማየው ፔርሙሱን ነው። ብዙ ጊዜ ቀጠን ያለ፣ ስኳር የበዛበት አጥሚት አገኛለሁ። ሆድ ይሞላል፤ ፕሮቲኑ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ጥፋቱ ሁሉ የአጥሚቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሕመም የጸናበት ሰውነት የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ይጠቀማል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የጽኑ ሕሙማን የፊት ጭን ጡንቻ በ10 ቀን ወደ 18 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። ይህን ምግብ ብቻውን አያስቆመውም።

ግን እስቲ እናስላ። የ2019ኙ (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ የጽኑ ሕሙማን አመጋገብ መመሪያ ቀስ በቀስ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.3 ግራም ፕሮቲን ላይ መድረስ ይቻላል ይላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 78 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ሊትር ወተት ደግሞ 32 ግራም ገደማ አለው። አምስት እንቁላልና አንድ ሊትር ወተት እንኳ 62 ላይ ይቆማል። በውሃ የተሠራ አጥሚት የት ይደርሳል?

ስለዚህ ሐኪሙን «በቀን ስንት ግራም?» ብላችሁ ጠይቁ። የተዘጋጀ የቱቦ ምግብ ከተገኘ ይሻላል፤ ልኩ ይታወቃል። ካልተገኘና ከተፈቀደላችሁ አጥሚቱን በወተት ሥሩት። በደንብ የተቀቀለ እንቁላል በብሌንደር ፈጭታችሁ በወንፊት አጥልሉበት። ጥሬ እንቁላል በፍጹም! ጾም ከሆነና ከከበዳችሁ የንስሐ አባትን አማክሩ፤ ለታማሚ ይፈቅዳሉ።

ምግቡ በቂ ሆኖ የማይደርሰውስ? ለምርመራ ወይም ለቀዶ ሕክምና ይቆምና ማስጀመሩ ይረሳል። «መቼ ይቀጥል?» ብላችሁ ነርሷን ጠይቁ። አታፍሩ።

ቱቦው ሲደፈን ብዙ ጊዜ ወይ ምግቡ ወፍራም ነው፣ ወይ ከምግብ በፊትና በኋላ ውሃ አላለፈበትም። በሽቦ አትጎርጉሩት፤ ነርሷን ጥሯት።

ሲያስመልሰው ምግቡን አቁማችሁ ወዲያው ለነርሷ ንገሩ። አንዱ ምክንያት ተንጋሎ ተኝቶ መመገቡ ሊሆን ይችላል። የአልጋው ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይበል።

«እጥፍ ብንሰጠውስ?» አይሆንም። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት በቀን በኪሎ 2.2 ግራምና ከዚያ በላይ ፕሮቲን መስጠት ጥቅም እንዳላመጣ አሳይቷል። ኩላሊታቸው የተጎዳ ታማሚዎችን እንዲያውም ሳይጎዳቸው አልቀረም። ለቀናት ሳይበላ የቆየ ሰው ደግሞ በአንዴ ከተሞላ የደሙ ፖታሲየምና ፎስፌት ያሽቆለቁላል፤ ልብ ሊያቆም ይችላል።