ከአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ፊልምና መጽሐፍ ሲዋሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ለነዋሪው ነፃ ነው፤ ወጪው ከግብር ስለሚሸፈን ሂሳቡ ቀድሞ ተከፍሏል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ፣ በሲያትል ወይም በዴንቨር የሚኖር የአገራችን ሰው ካርዱን ለልጆቹ ሲል ያወጣዋል፤ ለራሱ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ የሚተወው ብዙ ነው። የተዋሰው ዲስክ መሃል ላይ ቀጥ ይልበታል፣ የፈለገው መጽሐፍ ወረፋው ይረዝማል፣ አማርኛ መጽሐፍ ቢፈልግ ምንም አይወጣለትም፣ አልያም ያልጠበቀው ሂሳብ ይመጣበታል። የብዙው ችግር መነሻ አንድ ነው፦ የተዋሱት ዕቃ ከእርስዎ በፊት በብዙ እጅ አልፏል፣ ከእርስዎም በኋላ የሚጠብቀው ሰው አለ። ይህን አስቦ የሚዋስ ሰው ከዚያው ካርድ እጅግ የበለጠ ያገኛል።

መደርደሪያው ላይ ያለውን ብቻ አይቶ መመለስ

ቅርንጫፉ ውስጥ የሚያዩት ከጠቅላላው ክምችት ጥቂቱን ነው። አዲስ የወጡ ፊልሞችና ተፈላጊ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አያድሩም፤ ከአንዱ ተዋሽ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ቀጣዩ ይሄዳሉ። ስለዚህ በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ካታሎጉን ከፍተው በካርድ ቁጥርዎና በምስጢር ቁጥርዎ ይግቡ፤ የሚፈልጉትን ያስይዙና የሚረከቡበትን ቅርንጫፍ ይምረጡ። ዕቃው ከሌላ ቅርንጫፍ ተጭኖ ይመጣል፤ ሲደርስ በኢሜይል ወይም በስልክ መልእክት ይነገርዎታል። ብዙውን ጊዜ የተያዘልዎ አንድ ሳምንት ገደማ ይቆይና ለቀጣዩ ይተላለፋል። በምዝገባ ጊዜ የሰጡት ስልክ ከተለወጠ መልእክቱ አይደርስዎትምና አድራሻዎን ያድሱ።

የወረፋውን ቁጥር አይቶ መተውም ሌላ ስህተት ነው። 60ኛ ተራ ላይ ነዎት ቢባሉም ቤተ መጻሕፍቱ 30 ቅጂ ካለው በአንድ ቅጂ የሚደርሱት ሁለት ሰዎች ናቸው። የውሰቱ ጊዜ ሦስት ሳምንት ከሆነ ቢበዛ ወር ተኩል አካባቢ ይጠብቃሉ፤ ቶሎ የሚመልስ ስለማይጠፋ ከዚያም ሊያጥር ይችላል። ሁልጊዜ የወረፋውን ቁጥር ለቅጂው ቁጥር ያካፍሉ።

በሌላ በኩል አሥር መጽሐፍ በአንድ ቀን አስይዘው አሥሩም በአንድ ሳምንት ቢመጡ ግማሹን ሳይገልጡ ይመልሳሉ። ካታሎጎቹ ለዚህ መፍትሔ አላቸው፤ ያስያዙትን ለጊዜው አግድ የሚል ምርጫ አለ። ሲያግዱ ተራዎ ወደፊት መሄዱን ይቀጥላል፣ ዕቃው ግን እገዳውን እስኪያነሱ ድረስ አይላክልዎትም።

አማርኛ መጽሐፍን በለመዱት አጻጻፍ ብቻ መፈለግ

ብዙ ሰው የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጻሕፍት የሚመዘገቡት በአብዛኛው በላቲን ፊደል ነው፤ አጻጻፉም እኛ በስልክ መልእክት የምንጠቀምበት ሳይሆን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀምበት ደንብ ነው። በዚያ ደንብ ግዕዙም ራብዑም ‹ኤ› (A) በምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋሉ፤ ራብዑ ከላዩ ሰረዝ ይደረግበታል። ሳድሱ ደግሞ ‹ኢ› (E) በምትባለው ፊደል ይጻፋል። አበበ ከበደ የሚባል ደራሲ ቢኖር እኛ ስሙን ስንጽፍ በየመሃሉ ‹ኢ› እናስገባለን፤ ካታሎጉ ውስጥ ግን አናባቢው ሁሉ ‹ኤ› ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሳድስን በ‹አይ› (I) የመጻፍ ልማድ ያለው ሰውም እንዲሁ ባዶ ገጽ ይመጣበታል። ከፊደላቱ በላይ ያሉትን ምልክቶች ግን መጻፍ አያስፈልግዎትም፤ አብዛኛው የፍለጋ ሥርዓት ያልፋቸዋል።

የስሙ ቅደም ተከተልም ያሳስታል። በደንቡ መሠረት የኢትዮጵያውያን ስም በራስ ስም ይጀምርና የአባት ስም ይከተላል። በውጭ አገር በእንግሊዝኛ የሚያሳትሙ ደራስያን ግን እንደ ፈረንጁ ሥርዓት በአባት ስም ሊመዘገቡ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ይሞክሩ።

በግዕዝ ፊደል ሲፈልጉ ደግሞ ኮምፒውተሩ ‹ሀ›፣ ‹ሐ› እና ‹ኀ›ን ሦስት የተለያዩ ፊደላት አድርጎ እንደሚያያቸው ያስታውሱ። ‹ሰ› እና ‹ሠ›፣ ‹ጸ› እና ‹ፀ›፣ ‹አ› እና ‹ዐ›ም እንደዚያው ናቸው። ‹ፀሐይ› ብለው ያጡትን ‹ጸሀይ› ብለው ሊያገኙት ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ካስቸገረ ሌላ መንገድ አለ፦ የፍለጋ ሳጥኑን በመተው በላቀ ፍለጋ ውስጥ የቋንቋ ማጣሪያውን ወደ አማርኛ ያድርጉና ያለውን ሁሉ ያውጡ። የአንድ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ ዝርዝር በአንድ ቁጭታ ታይቶ ያልቃል። የልጆች ባለሁለት ቋንቋ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚገኙትም በዚህ መንገድ ነው።

ዲስኩን ሳያዩ ይዞ መውጣት

የመዋሻው ጠረጴዛ ጋ ከመድረስዎ በፊት ማቀፊያውን ይክፈቱ። ውስጡ ያለው ዲስክ ከሽፋኑ ጋር አንድ መሆኑን፣ ሁለት ዲስክ የተባለውም ሁለት መሆኑን ያረጋግጡ። ያለፈው ተዋሽ ዲስኩን ማጫወቻው ውስጥ ረስቶ ባዶ ማቀፊያ መመለሱ ሁሌም የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ቀድመው ካላሳወቁ ጥያቄው ወደ እርስዎ ይመጣል። ቀጥሎ ዲስኩን ጠርዙን ይዘው ወደ መብራት ዘንበል ያድርጉት።

ሁሉም ጭረት እኩል አይደለም። መረጃው ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከመሃል ጀምሮ ወደ ውጭ በሚዞር ጥምዝ መስመር ነው። ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚወርድ ጭረት እያንዳንዱን መስመር ለአፍታ ብቻ ስለሚያቋርጥ ማጫወቻው የጎደለውን አስልቶ ይሞላዋል። ዙሪያውን የሚከተል ጭረት ግን ረጅም ተከታታይ መረጃ ስለሚሸፍን ፊልሙ እዚያ ቦታ ላይ ይቆማል። ዲስክ ሲያጸዱም ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ እንጂ በክብ አይጥረጉ የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ለብ ባለ ውኃ ያርጥቡት፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨምሩ፣ ያለቅልቁት፣ የመነጽር መጥረጊያ በመሰለ ለስላሳ ጨርቅ ያድርቁት። የወጥ ቤት ወረቀት ይጭራል። የጥርስ ሳሙና ደግሞ ፊቱን ይፍቃል፤ በብሉ ሬይ ላይ ጭራሽ አይሞክሩት። በዲቪዲ መረጃው ከፊቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ሲገኝ በብሉ ሬይ ግን 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ጽዳቱ ካልረዳ ዲስኩን ዝም ብለው ወደ መመለሻው ሳጥን አይጣሉት። ለሠራተኛው በእጅ ሰጥተው ፊልሙ በስንት ደቂቃው ላይ እንደሚቆም ይንገሩ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት የተጫረ ዲስክ የሚያለሰልስ ማሽን አላቸው፤ ዝም ካሉ ግን ያው ችግር ነገ ለሌላ ቤተሰብ ይተርፋል።

የዲስኩን ዓይነትም ይዩ። ብሉ ሬይ በዲቪዲ ማጫወቻ አይሠራም፣ ፎር ኬ የሚል ጽሑፍ ያለበትም በተራ ብሉ ሬይ ማጫወቻ አይሠራም፤ የብሉ ሬይ ማጫወቻ ግን ዲቪዲ ያጫውታል። አዲስ አበባ ሊይዙት ካሰቡ ደግሞ የክልል ኮድ አለ። የአሜሪካ ዲቪዲ ክልል 1 ሲሆን ኢትዮጵያ ክልል 5፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ክልል 2 ናቸው። ለአንድ ክልል የተቆለፈ ማጫወቻ የሌላውን አይቀበልም። ከኮዱም ሌላ የመመለሻው ቀን ጉዞዎን አይጠብቅም።

አንድ ነገር እንጨምር፤ እንግሊዝኛ እየተማሩ ላሉ ወላጆች ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ። በዲቪዲ ላይ ሁለት ዓይነት የጽሑፍ ትርጉም አለ። አንደኛው ከዲስኩ ማውጫ የሚመረጥ ሲሆን በማንኛውም ቴሌቪዥን ይወጣል። ሁለተኛው ‹ሲሲ› የሚል ምልክት ያለው ነው፤ የሚያወጣው ቴሌቪዥኑ ስለሆነ በኤችዲኤምአይ ገመድ አይተላለፍም። ማቀፊያው ላይ ያለው ‹ሲሲ› ብቻ ከሆነና ጽሑፉ አልወጣ ካለዎት ዲስኩ አልተበላሸም፤ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው አሮጌ ገመድ ያገናኙት።

ሊቢን፣ ሁፕላንና ካኖፒን አንድ ዓይነት አድርጎ ማየት

ሦስቱም በቤተ መጻሕፍት ካርድ የሚከፈቱ የስልክ መተግበሪያዎች ናቸው፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል። ሊቢ ላይ የኤሌክትሮኒክስና የድምፅ መጻሕፍት እንደ ወረቀቱ መጽሐፍ አንድ ቅጂ ለአንድ ሰው ስለሚሰጡ ወረፋ አለ። «ፋይል ሆኖ ሳለ ወረፋው ለምን?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ፈቃዱ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የሚገዛው ፋይሉን ሳይሆን ፈቃድ ነው፤ አንዳንዱ ፈቃድ በሁለት ዓመት ያልቃል፣ ሃርፐር ኮሊንስ የተባለው አሳታሚ ደግሞ በ2011 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) አንድ ቅጂ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ እንደገና እንዲገዛ የሚል ደንብ አወጣ። ስለዚህ ጨርሰው ያስቀመጡትን ፋይል ቀኑ ሳይደርስ መመለስ ለሚጠብቀው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ተራዎ ሲደርስ ለመዋስ ሦስት ቀን አለዎት፤ ጊዜ ከሌለዎት ቆይቶ ይላክልኝ የሚለውን ይንኩ፣ ካልነኩ ቅጂው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከአንድ በላይ ካርድ ካለዎት ሁሉንም ሊቢ ላይ ማስገባት ይቻላል። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ወይም የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ነዋሪ የዲሲን ካርድም በነፃ ማውጣት ይችላል፤ ከዚያ ወረፋው ወደሚያጥርበት መሄድ ነው።

ሁፕላ ላይ ወረፋ የለም፤ ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፍለው በእያንዳንዱ ውሰት ነው። በዚህ የተነሳ በወር የተወሰነ ቁጥር ይሰጥዎታል፣ የዕለቱ በጀት ሲያልቅም ነገ ይምጡ ይላል። ፊልም ለ72 ሰዓት፣ ሙዚቃ ለ7 ቀን፣ መጽሐፍ ለ21 ቀን ይቆያል። ስህተቱ ዓርብ ከሰዓት ፊልሙን ወስዶ ሰኞ ማታ ለማየት ማሰብ ነው፤ ሰዓቱ የሚቆጥረው ከወሰዱበት ቅጽበት ጀምሮ ነው። ካኖፒ በወርሃዊ ትኬት ይሠራል፤ ገና ማጫወቻውን ሲነኩ ትኬቱ ይቆረጣልና ለመሞከር ብለው አይክፈቱ። የፊልም ማሳያ መብት በአገር የተገደበ ስለሆነ ከአሜሪካ ሲወጡ ፊልሞቹ ሊዘጉብዎት ይችላሉ። በሊቢ ያወረዱት የድምፅ መጽሐፍ ግን አውሮፕላኑም ላይ አዲስ አበባም ይሰማል፤ ከጉዞው በፊት በዋይፋይ ያውርዱት።

ቅጣት ቀረ ሲባል ዕዳ ቀረ ብሎ መረዳት

የሲያትል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በጥር 2020፣ የኒው ዮርክ ከተማ ሦስቱ የቤተ መጻሕፍት ድርጅቶች በጥቅምት 2021 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) የመዘግየት ቅጣትን አስቀርተዋል፤ ሌሎችም ብዙዎች ተከትለዋል። የቀረው በየቀኑ የሚቆጠረው ሳንቲም ነው። ዕቃው ለረጅም ጊዜ ካልተመለሰ እንደጠፋ ተቆጥሮ ዋጋው በስምዎ ይመዘገባል፣ ካርዱም ይታገዳል። እንዲህ ዓይነት ሂሳብ የመጣበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ አፍሮ ይቀራል፤ መጽሐፉን ፈልጎ ቢመልሰው ግን በብዙ ቦታ ሂሳቡ ይሰረዛል። ሌላ ሰው ካላስያዘው በቀር ውሰቱን ማራዘምም ይቻላል።

ለረጠበ መጽሐፍ አንድ ቃል፦ ሻጋታ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ውስጥ መነሳት ይጀምራልና ከሌሎች መጻሕፍት ጋር ወደ መመለሻው ሳጥን አይክተቱት። የተቀደደ ገጽም በተራ ፕላስተር አይለጥፉ፤ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ሁለቱንም ለሠራተኛው በእጅ ይስጡ።

የተዋሱትን ፊልም በአዳራሽ ማሳየት

ውሰቱ ለቤት ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለወጣቶች ወይም በማኅበር ስብሰባ ላይ ማሳየት መግቢያ ባይከፈልበትም የሕዝብ ማሳያ ፈቃድ ይጠይቃል። ዝግጅት ካሰባችሁ ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ፈቃድ ስላላቸው በእነሱ አዳራሽ አብሮ ማዘጋጀት ይቻላል።

የለም ሲባል ዝም ማለት

ቤተ መጻሕፍቱ የሌለውን መጽሐፍ ከሌላ ከተማ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ተውሶ ያመጣልዎታል። ወርልድካት በሚባለው የጋራ ካታሎግ መጽሐፉ የት እንዳለ ይፈልጉና የጥያቄ ቅጹን ይሙሉ። ሲመጣ የተጠቀለለበትን የወረቀት መታወቂያ አይገንጥሉ፤ የሚመለስበት አድራሻ እሱ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ። በዲሲ በ2004 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) የወጣው ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች የትርጉም አገልግሎት እንዲሰጡ ያዛል፤ አማርኛም ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው።

እንዲገዛ ሐሳብ ማቅረብም ይቻላል። የአማርኛ ክምችት በየቦታው የሚሳሳው አንዱ ምክንያት ጠያቂ ማነሱ ነው፤ ገዢው ሠራተኛ ቋንቋውን ስለማያነብ ከእኛ መረጃ ይፈልጋል። ቅጹ ላይ ርዕሱን በግዕዝና በላቲን ፊደል፣ የደራሲውን ስም ከነአባቱ፣ አሳታሚውንና የሚሸጥበትን መደብር ይጻፉ። በኢትዮጵያ የተመዘገበ መጽሐፍ ከሆነ 978 ከሚለው ቀጥሎ በ99944 የሚጀምር ዓለም አቀፍ ቁጥር ጀርባው ላይ ሊኖር ይችላል፤ ያንን ይገልብጡ። ቁጥር የሌላቸው መጻሕፍት ብዙ ስለሆኑ ግን የሽፋኑንና የመብት ገጹን ፎቶ ያያይዙ። የታተመበት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ያንን ለይተው ይጻፉ፤ አለዚያ በ2015 ዓ.ም. የታተመ አዲስ መጽሐፍ የሰባት ስምንት ዓመት አሮጌ መስሎ ይታለፋል።